ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ትልቁ ልጄ ታኬታውን በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ቤት ገባ። 14 ዓመቱ ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል በየማለዳው እየተነሳ ከሰፈራችን ብዙም በማይርቅ ሜዳ ለታዳጊዎች ቡድን ምርጫ ሲወዳደር ነበር የከረመው። ሳሎን ሲደርስ ፌስታሉን በሩ ሥር ጣለና «ዝርዝሩ ተለጠፈ» አለ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝምታ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የእሱ ስም የለም።

እናቱ ወደ ማድ ቤት ገባች። እኛ ቤት ደስታም ሐዘንም የሚስተናገደው በምግብ ነው። እኔ ደግሞ አባት ነኝና አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። «እነሱ ኳስ መቼ ያውቃሉ!» አልኩ። ዝም አለኝ። «ለከርሞ ደግሞ ትሞክራለህ» አልኩ። አሁንም ዝም። «ቀስ በቀስ እንቁላል...» ብዬ ልቀጥል ስል እናቱ ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆና ገላመጠችኝ። ልጄ ቀና ብሎ አየኝና እንዲህ አለ፦

«አባ፣ ስጫወት አይተኸኝ ታውቃለህ?»

አላየሁትም። ታኬታውን ገዝቼለታለሁ፣ የታክሲ ሰጥቼዋለሁ፣ ስለ ፕሪሚየር ሊግ አብሬው ስሟገት አምሽቻለሁ። ሜዳ ዳር ቆሜ ግን አላየሁትም። ቅዳሜ ጠዋት ሁልጊዜ የሆነ ጉዳይ ይኖረኛል። ያላየሁትን ልጅ «ጎበዝ ነህ» ማለቴ ለካ ለእሱ ምንም ትርጉም አልነበረውም።

ማታ ላይ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ሳላስጌጥ፣ ደስ የማይለውንም ክፍል ሳልዘል ልነግረው ወሰንኩ። ዛሬ ለእርስዎም የማካፍለው ይህንኑ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ15 ዓመቱ የተሰናበተው ልጅ

ቤትዎ ውስጥ ኳስ ወዳድ ካለ የሪኪ ላምበርትን ስም ሰምተው ይሆናል። ካልሰሙም አይገረሙ፤ ፎቶው በየልጆች መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ዓይነት ኮከብ አልነበረም። በ1982 ከሊቨርፑል ከተማ አጠገብ በምትገኘው የሠራተኞች መንደር በከርክቢ ተወለደ። በዚያ ሰፈር ለተወለደ ልጅ ምኞት አንድ ነው፤ ቀዩን ማሊያ ለብሶ አንፊልድ ላይ መጫወት። ላምበርት 10 ዓመት ሲሆነው የሊቨርፑል ታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ገባ። አምስት ዓመት ቆየ። 15 ዓመት ሲሞላው አሰናበቱት።

እዚህ ላይ ልጄ «ለምን?» አለኝ። ታዳጊዎችን የሚመርጡ ሰዎች የሚፈርዱት በዚያ ዕለት በሚያዩት አካል ላይ ነው አልኩት። በዚህ ዕድሜ አንዱ ልጅ ጢም ሲያበቅል ሌላው ገና ድምፁ አልጎረነነም። ሯጩና ፈርጣማው ልጅ ቀድሞ ይታያል። ላምበርት ደግሞ ፈጣን አልነበረም፤ ታዋቂ ሆኖ እንኳ ፈጣን ሆኖ አያውቅም።

ከሊቨርፑል ሲወጣ ብላክፑል የተባለ ትንሽ ክለብ ወሰደው፤ ለዋናው ቡድንም ጥቂት ጊዜ ተሰለፈ። በ2000 ግን እዚያም «አንፈልግህም» ተባለ። አሁን 18 ዓመቱ ነው፣ ክለብም ደመወዝም የለውም። በእንግሊዝ አራተኛ እርከን ላይ በነበረው ማክልስፊልድ ታውን ያለ ክፍያ ልምምድ መሥራት ጀመረ። ለኪሱ የሚሆነውን ለማግኘትም ቀይ ስር በጠርሙስ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠረ።

ቀይ ስር! ልጄ የሳቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ ግን በዚህ ቦታ ላይ የማስበው ስለ ላምበርት ወላጆች ነው። ልጃችሁ አምስት ዓመት የሊቨርፑልን ትጥቅ ለብሶ ሲመላለስ ጎረቤት ሁሉ አይቷል። አሁን ጎረቤቱ «ያ ኳስ ተጫዋቹ ልጃችሁ የት ደረሰ?» ሲል ምን ትላላችሁ? እኛ አገር ቢሆን ስንቶቻችን ነን «ፋብሪካ ውስጥ ነው» የምንለው?

መሰላሉ

በእንግሊዝ አራት የፕሮፌሽናል ሊግ እርከኖች አሉ፤ በድምሩ 92 ክለቦች። እኛ ቅዳሜና እሁድ በቴሌቪዥን የምናያቸው ከላይ ያሉትን 20ዎቹን ብቻ ነው። ከእነሱ በታች ባሉት ሦስት እርከኖች ከክለብ ወደ ክለብ እየተዘዋወሩ እንጀራቸውን የሚበሉ ብዙ መቶ ተጫዋቾች አሉ። የሚፈርሙት ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። በየግንቦቱ ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚሄድ ይነገራል። ባለትዳር ከሆነ ቤት መልቀቅ፣ ልጆች ካሉት ትምህርት ቤት መቀየር ይመጣል። አጥቂ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ተከላካይ በጥሩ አቋቋሙ ሊመሰገን ይችላል፣ አጥቂ ግን የሚጠየቀው «ስንት አገባህ?» ተብሎ ነው።

ላምበርት ይህን መሰላል እንዴት እንደወጣው ይመልከቱ።

ማክልስፊልድ በ2001 አስፈረመው። በተከታዩ ዓመት ስቶክፖርት ካውንቲ 300 ሺህ ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው። «አለፈለት» ሊባል የሚችልበት ጊዜ ነበር፣ ግን አላለፈለትም። በስቶክፖርት በተሰለፈባቸው 98 የሊግ ጨዋታዎች ያገባው 18 ብቻ ነው። በ2005 ወደ ሮችዴል ወረደ፤ እንደገና አራተኛው እርከን። 23 ዓመቱ ነበር። የዚያን ዕለት የነበረበትን ሁኔታ ያየ ሰው ይህ ልጅ አንድ ቀን ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ይሰለፋል ቢል ይሳቅበት ነበር።

ሮችዴል ላይ ጎል ማግባት ለመደ። በ2006 ብሪስቶል ሮቨርስ በ200 ሺህ ፓውንድ ገዛው፤ ዋጋው ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው ያነሰ መሆኑን ልብ ይበሉ። በ2008 ብሪስቶል ሮቨርስ በኤፍ ኤ ካፕ ከሳውዝሃምፕተን ጋር ተገናኘ። ላምበርት በቅጣት ምት ባገባት ብቸኛ ጎል ሳውዝሃምፕተን ከውድድሩ ወጣ። በተከታዩ የውድድር ዘመን 29 የሊግ ጎሎች አስቆጠረና የሦስተኛው እርከን የጋራ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በ2009 ነሐሴ ወር ደግሞ ያ ያሰናበተው ሳውዝሃምፕተን አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አውጥቶ ወሰደው። 27 ዓመቱ ነበር።

«ወፍረሃል»

ሳውዝሃምፕተን በዚያን ጊዜ የዛሬው ዓይነት ክለብ አልነበረም። በገንዘብ ችግር ምክንያት 10 ነጥብ ተቀንሶበት፣ ወደ ሦስተኛው እርከን ወርዶ፣ ከመዘጋት ለጥቂት የተረፈ ክለብ ነበር። አሰልጣኙ አለን ፓርዲው አዲሱን አጥቂያቸውን አዩትና ክብደት መቀነስ እንዳለበት ፊት ለፊት ነገሩት። 27 ዓመት ለሞላውና አምና ኮከብ ግብ አግቢ ለነበረ ሰው ይህ የሚዋጥ ቃል አይደለም። ላምበርት ግን ዋጠው። አካሉን አስተካከለ፤ በዚያው ዓመት በሊጉ 30 ጎሎች አገባ።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። በ2011 ሳውዝሃምፕተን ወደ ሁለተኛው እርከን ወጣ። በ2012 ደግሞ ወደ ፕሪሚየር ሊግ። በዚያ ዓመት ላምበርት በሁለተኛው እርከን 27 ጎሎች አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። ነሐሴ 2012 ላይ በፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታው ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ተቀይሮ ገባና አገባ። 30 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዓመት መጨረሻ የፕሪሚየር ሊግ ጎሎቹ 15 ደረሱ።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ቁጥር ግን ሌላ ነው። ላምበርት ለሳውዝሃምፕተን 34 ፍጹም ቅጣት ምቶችን መታ፤ 34ቱንም አገባ። አንዱንም አልሳተም። ፍጹም ቅጣት ምት ፍጥነት አይጠይቅም፣ ልጅነትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሠላሳ ሺህ ሰው እያየዎት እግርዎ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ሁለት ጊዜ «አትሆንም» ተብሎ፣ በፋብሪካ ሠርቶ፣ ሮችዴል ወርዶ የተመለሰ ሰው ከአሥራ ሁለት ሜትር በማትሞላ ርቀት ላይ በተቀመጠች ኳስ የሚደነግጥበት ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

አንድ ሐሙስ በነሐሴ

ለእኛ ለቤተሰብ ሰዎች የምትሆነው የታሪኩ ክፍል ይህች ናት። ነሐሴ 8 ቀን 2013 ላምበርት ሦስተኛ ልጁን፣ ሴት ልጅ ወለደ። በዚያው ዕለት አሰልጣኝ ሮይ ሆጅሰን ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን እንደመረጡት ተነገረው። 31 ዓመቱ ነበር፤ ለአገሩ ዋና ቡድን ሲመረጥ የመጀመሪያው ነው።

ከስድስት ቀን በኋላ እንግሊዝ በዌምብሌይ ከስኮትላንድ ጋር ገጠመች። ውጤቱ 2 ለ 2 ሆኖ ሳለ በ67ኛው ደቂቃ ዌይን ሩኒ ወጣና ላምበርት ገባ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሌይተን ቤይንስ የማዕዘን ምት አሻማ። ላምበርት ዘለለና በጭንቅላቱ ገጨው። ለብሔራዊ ቡድን ኳስ ሲነካ የመጀመሪያው ነበር፤ መረቡ ውስጥ ገባች። እንግሊዝ 3 ለ 2 አሸነፈች።

ይህን ስነግረው ልጄ ከሶፋው ላይ ተነስቶ ቆሟል። ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው እንዴት ያምር ነበር! «አየህ፣ ተስፋ ካልቆረጥክ...» ብዬ መጨረስ። ግን ሳልዘል ልነግረው ቃል ገብቻለሁ።

ሕልም ሲደርስ

በ2014 ክረምት ሊቨርፑል ደወለ። በ15 ዓመቱ ያሰናበተው ክለብ አሁን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛው ፈለገ። ላምበርት 32 ዓመቱ ነው፤ ሳውዝሃምፕተን ውስጥ በ235 ጨዋታዎች 117 ጎሎች አግብቶ እንደ ንጉሥ የሚታይ ሰው ነው። ሄደ። ማን ይቀራል? በዚያው ክረምት ከእንግሊዝ ጋር ወደ ብራዚል የዓለም ዋንጫም ተጉዞ በኡራጓይ በተሸነፉበት ጨዋታ ላይ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተቀይሮ ገባ።

ሊቨርፑል ላይ የጠበቀው ግን የተጠባባቂ ወንበር ነበር። በዓመቱ ውስጥ በ36 ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ ብዙዎቹን ተቀይሮ እየገባ። ያገባው 3 ጎል ነው፤ አንዱ በክሪስታል ፓላስ ሜዳ፣ አንዱ በቡልጋሪያ፣ አንዱ በአስቶን ቪላ ሜዳ። አንፊልድ ላይ በቀዩ ማሊያ አንድም ጎል አላገባም። ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው ጎል ሳይገባ ቀረ። በዓመቱ ወደ ዌስት ብሮም፣ ከዚያ ወደ ካርዲፍ ሄደ። በ2017 ጥቅምት ወር በ35 ዓመቱ ኳስ ማቆሙን አስታወቀ።

ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ሳውዝሃምፕተን ቢቀር ይሻለው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው። «አንተስ ብትሆን?» አልኩት። ብዙም አላሰበም፤ «እኔ ብሆን እሄድ ነበር» አለ።

ለእኛ ለወላጆች

ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ ለልጅዎ «ከተሰናበትክም አንድ ቀን ብሔራዊ ቡድን ትገባለህ» ብለው እንዳይነግሩት አደራ። ከታዳጊ ቡድን ከሚሰናበቱት ልጆች እጅግ የሚበዙት ወደ ሙያው አይመለሱም። ላምበርትን የምናውቀው ከብዙዎች አንዱ ስለሆነ ነው። ልጅ ደግሞ ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው ባዶ ማጽናኛችንን የማይቀበለን።

ታሪኩ ለእኔ የነገረኝ ሌላ ነገር ነው። ሰዎች ስለ ላምበርት ሲያወሩ ከማክልስፊልድ እስከ ብሪስቶል ያሉትን ስምንት ዓመታት እንደ መጠበቂያ ክፍል ይቆጥሯቸዋል፤ ዋናው ሕይወት የጀመረው በኋላ እንደሆነ አድርገው። እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። በሮችዴል ብርድ ላይ ከፍለው የገቡ ሰዎች ነበሩ፣ ጎል ሲገባ ተቃቅፈዋል። ላምበርት ዌምብሌይን ባያይ ኖሮ እንኳ በሚወደው ሥራ ቤተሰቡን ያስተዳደረ ሰው ይባል ነበር። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከእኛም አገር እንዲህ ያለ ተጓዥ አጥቂ ወጥቷል። ፍቅሩ ተፈራ ከአዳማና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ በደቡብ አፍሪካ ለበርካታ ክለቦች ተጫወተ፤ ቼክ ሪፐብሊክም ደርሷል። ጥቅምት 12 ቀን 2014 በሕንድ ኮልካታ የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረው ፍቅሩ ነው። ከእኛ ውስጥ ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን? ለኮከቦቹ ጊዜ አለን፤ ሻንጣቸውን ይዘው አገር ላገር የሚሠሩትን ግን እንረሳቸዋለን።

እርስዎም ቤት ስሙ ያልተለጠፈ ልጅ ካለ፣ ወይም ነገ ከኖረ፣ ከእኔ ስህተት የተማርኩትን ላካፍልዎ። በዚያ ዕለት መራጮቹን አይስደቡ፤ ልጁ ነገ ተመልሶ ሊወዳደር የሚችለው እነሱው ዘንድ ነው፣ ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ማሳበብንም ከእርስዎ ይማራል። ይልቅ ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ልጁ ራሱ ሄዶ «ምን ላሻሽል?» ብሎ እንዲጠይቅ ያበረታቱት። ላምበርት «ወፍረሃል» የሚለውን ቃል ሰምቶ ነው 30 ጎል ያገባው። ትልቅ ስም ያለው ቡድን ውስጥ ወንበር ከሚያሞቅ ትንሽ ቡድን ውስጥ ቢጫወት ይሻለዋል፤ ልጅ የሚያድገው ኳስ ሲነካ ነው። ትምህርቱን «ኳሱ ካልሆነልህ» እያሉ እንደ ቅጣት አያቅርቡለት፤ ከኳሱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ይሁን። ሥራ ደግሞ አያሳፍርም፤ ቀይ ስርም ቢሆን።

ከሁሉ በፊት ግን ሄደው ይዩት።

ባለፈው ቅዳሜ ጉዳዬን ሁሉ ትቼ ሜዳ ሄድኩ። የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ድንጋይ ደርድረው ጎል ሠርተዋል፣ ዳኛ የለም፣ ጭቅጭቅ አለ። ልጄ ሳያየኝ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ለአንድ ሰዓት ያህል አየሁት። እውነቱን ልንገርዎ? ቀርፋፋ ነው። ሁለት ጊዜ ከእሱ ያነሰ ልጅ ሮጦ ቀደመው። ነገር ግን ኳሱ ገና ወደ እሱ ሲመጣ ቀና ብሎ ዙሪያውን ያያል፤ ከዚያ ያለምንም ግርግር ለተሻለ ልጅ ያቀብላል። ያን ሁሉ ዓመት እቤት ሆኜ ስለ እሱ ስናገር ይህችን አላውቃትም ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ አየኝና እየሮጠ መጣ። «መቼ መጣህ?» አለኝ። «ከጀመራችሁ ጀምሮ» አልኩት። ወደ ቤት ስንሄድ ስለ ቀርፋፋነቱም ስለ ቀና ማለቱም ነገርኩት። ስለ መጀመሪያው ትንሽ ተከራከረኝ። ስለ ሁለተኛው ግን ምንም አላለም፤ ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና ጎኔ ሆኖ መራመዱን ቀጠለ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።